ውሎ አበሉን ብቻ የሚያስቀረው ሌባ

በአንድ የቆየ የሶቪየት ፊልም ውስጥ ዩሪ ዴቶችኪን የተባለ ሰው የሰረቀውን መኪና ሸጦ ገንዘቡን ለሕፃናት ማሳደጊያ ከመላኩ በፊት ሒሳብ ይሠራል። መኪናውን ለመሸጥ ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዝ ያወጣውን የመጓጓዣ ወጪና ማንኛውም ሠራተኛ ለሥራ ጉዳይ ከከተማ ሲወጣ የሚታሰብለትን ውሎ አበል ብቻ ይቀንሳል፤ የቀረውን በሙሉ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ይልካል። ከዚያም ወደ ኢንሹራንስ ወኪልነት ሥራው ተመልሶ እንደ ማንኛውም ባለ ደመወዝ ይኖራል። በፊልም ብዙ ሌባ አይቻለሁ፤ የሰረቀውን ገንዘብ እንደ ሕዝብ አደራ ቆጥሮ ለራሱ የውሎ አበል ያህል ብቻ የሚፈቅድ ሌባ ግን ከእሱ በቀር አላየሁም።

ይህን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1978 ዓ.ም. ክረምቱ በገባበት ወራት፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ቮሮኔዥ በደረስሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄድን ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችን በፊትም አንድ ዓመት ሙሉ በመሰናዶ ፋኩልቲ ሩሲያኛ እንማር ነበር። የቋንቋ አስተማሪያችን ከሰዋስው መጽሐፉ ይልቅ በፊልም ታምን ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ጋርዳ «ከመኪና ተጠንቀቅ» የተባለውን የኤልዳር ሪያዛኖቭን ፊልም አሳየችን። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የገጸ ባሕርያቱን ስም በሰሌዳው ላይ ጽፋ ፍቺያቸውን አስረዳችን። ዴቶችኪን የሚለው የሌባው ስም ሕፃን ከሚለው የቁልምጫ ቃል የመጣ ነው፤ ሴሚትስቬቶቭ የሚለው የነጋዴው ስም ሰባት ቀለማት የሚል ትርጉም አለው፤ ትሮሊባስ (በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄድ አውቶቡስ) የምትነዳው የሌባው እጮኛ ሊዩባ ደግሞ ስሟ ፍቅር ማለት ነው። በስም ውስጥ ትርጉም መፈለግ ለእኛ አዲስ ነገር ስላልሆነ፣ ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ቀድመን ነገሩ የገባን ኢትዮጵያውያኑ ነበርን ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። የፊልም ስቱዲዮው ሞስፊልም የቀድሞ ሥራዎቹን በዩቲዩብ በነጻ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ አየዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንትም ከልጄ ጋር ተቀምጠን አየነው። ልጄ ከልቧ ሳቀች። እኔም ብዙ ቦታ ላይ ሳቅሁ፤ ነገር ግን በ1978 ዓ.ም. ጓደኞቼ ሁሉ ሲስቁ እኔ ዝም ያልሁበት አንድ ትዕይንት አለ፤ ዘንድሮም እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ዝም አልሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ትዕይንት ነው።

አስቀድሞ ፊልሙ የተሠራበትን ዘመን መግለጽ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ በሶቪየት ከተሞች ውስጥ አንድ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ይዞር ነበር፤ ወሬው የጉቦኞችን መኪና ብቻ እየመረጠ ሰርቆ ገንዘቡን ለሙት ልጆች ስለሚያድል ሰው የሚናገር ነበር። እያንዳንዱ ከተማ ሰውየው የእኛ ነው ይላል፤ በዓይኑ ያየው ግን የለም። ሪያዛኖቭና የድራማ ጸሐፊው ኤሚል ብራጊንስኪ ከዚህ የሕዝብ ተረት ተነሥተው የመጀመሪያውን የጋራ ሥራቸውን ጻፉ። የፊልም ባለሥልጣናቱ ግን ተመልካቹ ዴቶችኪንን አይቶ መኪና መስረቅ ይጀምራል ብለው ስለሰጉ ፊልሙ እንዲሠራ ወዲያው አልፈቀዱም። ሁለቱ ሰዎች ተስፋ አልቆረጡም፤ ጽሑፉን ወደ ልብ ወለድ ቀይረው እ.ኤ.አ. በ1964 «ሞሎዳያ ግቫርዲያ» በተባለው መጽሔት አሳተሙት፤ አንባቢው ሲቀበለውና ያሰጋቸው ነገር ሳይደርስ ሲቀር ፈቃዱ ተገኘ፤ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ1966 ለሕዝብ ቀረበ።

ዴቶችኪን የሚሰርቀው ቮልጋ መኪና ነው። ይህ መኪና በዚያን ጊዜ ዋጋው ከ5,000 ሩብል በላይ ሲሆን፣ የአንድ ሠራተኛ አማካይ የወር ደመወዝ 100 ሩብል ገደማ ነበር። አንድ ሰው ሳይበላና ሳይጠጣ፣ የቤት ኪራይም ሳይከፍል ደመወዙን በሙሉ ቢያጠራቅም እንኳ መኪናውን ለመግዛት ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ገንዘቡን ካገኘ በኋላም ወረፋው ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ በሱቅ ሠራተኛ ደመወዝ ቮልጋ የሚነዳ ሰው ሲታይ ጎረቤቱ ሁሉ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ሕጉም ልል አልነበረም። ክሩሽቾቭ በሥልጣን ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1962 የወጣው ድንጋጌ በከባድ የጉቦ ወንጀል ላይ እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት ጥሎ ነበር። ቅጣቱ እዚህ ድረስ ከብዶ እያለ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ጉቦኛ በመኪናው ሽር የሚልበት ምክንያት ምንድን ነው? ፊልሙ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እኔ ዝም ባልሁበት ትዕይንት ውስጥ ይገኛል።

ዲማ ሴሚትስቬቶቭ የውጭ አገር ዕቃ በሚሸጥበት ኮሚሽን ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነው። አንድሬይ ሚሮኖቭ ይህን ሰው የተጫወተው መልከ መልካም፣ ንጹሕ ለባሽና አንደበተ ርቱዕ አድርጎ ነው። ቴፕ ሪከርደር የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ዕቃው የለም ይላል፤ ከዋጋው በላይ የሚከፍል ከሆነ ግን ዕቃው ይገኛል። በዚህ መንገድ ባገኘው ገንዘብ የከተማ ዳር ቤት ሠርቷል፤ ቮልጋም ገዝቷል። ቤቱ ያለው ግን በአማቱ በጡረተኛው መኮንን በሶኮል ክሩዥኪን ስም ነው፤ መኪናው ደግሞ በሚስቱ ስም ነው። አማቱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አናቶሊ ፓፓኖቭ የሚጫወተው ይህ ሽማግሌ ጓሮው ውስጥ ያለማውን እንጆሪ ለገበያ እያቀረበ፣ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ ስለ ሕግና ስለ ሥርዓት የሚናገር ሰው ነው። እንደ አሻንጉሊት በሚያዝዘው አማቹ ላይ ቆሞም ቤቱ የእኔ ነው፣ መኪናው የልጄ ነው፣ አንተ ምንም የሌለህ ባዶ እጅህን ያለህ ሰው ነህ እያለ ያሸማቅቀዋል። የክፍሉ ልጆች እዚህ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እኔ ያልሳቅሁበትን ምክንያት ለመናገር ወደ አባቴ ልመለስ። አባቴ በአንድ የመንግሥት ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ንብረት ጠባቂ ነበሩ። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ካልሆነ አንድ ብሎን እንኳ ከመደርደሪያው አይነሣም፤ የካርቦን ቅጂዎቹን በዓመተ ምሕረት ለይተው በሲባጎ አስረው ቤት ድረስ ያመጡ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የድርጅቱ ኃላፊ ለአስቸኳይ የመስክ ሥራ ነው ብሎ የመኪና ጎማዎች በቃል ትእዛዝ እንዲወጡ ጠየቃቸው፤ ወረቀቱ በማግስቱ እንደሚላክም ነገራቸው። አባቴ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ሞዴል 22 ዕቃ አወጡ። ወረቀቱ አልመጣም። ኦዲተሮች መጡ፤ ጉድለት ተገኘ፤ ኃላፊው እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም አለ። የጎማዎቹ ዋጋ ከአባቴ ደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ ተከፈለ፤ እኔ ወደ ቮሮኔዥ ስሄድም ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር። ኃላፊው በዚያው ዓመት ጥሩ ቪላ ሠራ። ቪላው በሚስቱ ወንድም ስም ስለነበር ማንም ሊጠይቀው አልቻለም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል አባቴ በቤታቸው እንዲነገር አይፈቅዱም ነበር። አንድ የቅርብ ዘመዳችን የአባቴን ጉዳት ሰምቶ ሊያጽናናቸው በመጣ ጊዜ ይህንኑ ተርቶ «አንተም ጊዜው ሳለ ብትበላ ኖሮ ለስሙ እንኳ ይሆንህ ነበር» ቢላቸው፣ ተነሥተው ከቤት ወጥተው ማታ ነው የተመለሱት። እንግዲህ እኔ በዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሴሚትስቬቶቭን አማት ባየሁት ጊዜ ያየሁት የኃላፊውን የሚስት ወንድም ነበር። በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሕዝብ መካከል የቤታችን ጉዳይ አንድም ሳይቀር በፊልም ተቀርጾ አገኘሁት። የሪያዛኖቭ ፊልም ለጥያቄዬ የሰጠኝ መልስም ይህ ነበር፤ ሕጉ የሚያነበው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም ነው፤ ጉቦኛው ደግሞ ስሙን ወረቀት ላይ አይጽፍም። በእኛም አገር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 ባለሥልጣኑ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና በእሱ ሥር ያሉ ልጆቹን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያዝዛል። መልካም አዋጅ ነው፤ ነገር ግን የሚስት ወንድም ከዚህ ዝርዝር ውጪ ነው፤ አዋጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የፈለገው ያንን ቃል ነበር።

ዴቶችኪን የሚሰርቀው ሕጉ ሊያነብ ያልቻለውን ስለሚያነብ ነው። ሆኖም ፊልሙን ሳየው በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ከዴቶችኪን በላይ ያሳሰበኝ ሰው መርማሪው ነው። ማክሲም ፖድበሪዮዞቪኮቭ ሐቀኛ መርማሪ ነው፤ እሱን የሚጫወተው ኦሌግ ዬፍሬሞቭ በሞስኮ የሶቭሬሜኒክ ቴአትር መሥራች ሲሆን፣ ፊቱ ላይ ያለው ቅንነት ተጠንቶ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። መርማሪው የተሰረቁትን መኪናዎች ባለቤቶች ዝርዝር ሲመለከት አብዛኞቹ ከደመወዛቸው በላይ የሚኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ይረዳል። መንገዱን ተከትሎ ሲሄድም የሚያገኘው የገዛ ጓደኛውን ነው። ሌባውና መርማሪው ሁለቱም በአንድ የአማተር ቴአትር ቡድን ውስጥ አባላት ናቸው፤ ማታ ማታ አብረው ልምምድ ያደርጋሉ።

የቴአትር ቡድኑ ዳይሬክተር ዬቭጌኒ ዬቭስቲግኔዬቭ ነው፤ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ሩሲያውያን እስከ ዛሬ ድረስ ንግግሩን በቃላቸው ይዘውታል። ይህ ሰው የአማተር ቴአትር አንድ ቀን የሙያ ቴአትሮችን እንደሚተካ ያምናል፤ ታላላቆቹ ተዋንያን ቀን ቀን በፋብሪካ ቢሠሩ ኖሮ ማታ የበለጠ ይጫወቱ ነበር ብሎ ከልቡ ይናገራል፤ ከዚያም ለቡድኑ ሼክስፒርን እንሞክር የሚል ሐሳብ ያቀርባል። የተመረጠው ቴአትር ሐምሌት ነው። ሐምሌትን ሌባው ዴቶችኪን ይጫወታል፤ ሌርቴስን መርማሪው ይጫወታል።

ዴቶችኪንን የሚጫወተው ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በግሪጎሪ ኮዚንትሴቭ ፊልም ውስጥ ሐምሌትን ተጫውቶ ስሙ ከአገሩ አልፎ የታወቀ ተዋናይ ነው። የሶቪየት ተመልካች ያንኑ ፊት በድጋሚ በጥቁር የሐምሌት ልብስ፣ በዚህ ጊዜ ግን በአንዲት ትንሽ ክበብ መድረክ ላይ ሲያየው ምን እንደተሰማው ለመገመት አያዳግትም። እኔ በቮሮኔዥ ይህን አላውቅም ነበር። ሐምሌትን የማውቀው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት ቋንቋ ነው፤ ከአዲስ አበባ ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከያዝኋቸው ጥቂት መጻሕፍት አንዱ እሱ ነበር። ስለዚህ ማታ ወደ መኝታ ክፍሌ ተመልሼ የመጨረሻውን ገቢር እንደገና አነበብሁት።

ሐምሌትና ሌርቴስ ሁለቱም አባታቸውን ያጡ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከቂማቸው በስተቀር ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሰይፍ ይዘው እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡት እነሱ ናቸው፤ መርዙን የቀመመው ንጉሥ ግን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። ሌርቴስ ሊሞት ሲል ጥፋቱ የንጉሡ መሆኑን ተናግሮ ከሐምሌት ጋር ይቅር ይባባላል። ሪያዛኖቭና ብራጊንስኪ ከሼክስፒር ሥራዎች ሁሉ ይህን የመረጡት ሐምሌት ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ፊልሙ በሙሉ የተገነባው በዚህ ፍልሚያ አምሳል ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች፣ አንዱ አሳዳጅ ሌላው ተሳዳጅ ሆነው ይታገላሉ፤ መርዙን የቀመመው ሴሚትስቬቶቭ ደግሞ የግል ተበዳይ ይባላል። በአባቴና በኦዲተሮቹ መካከል የሆነው ይኸው ነበር። ኦዲተሮቹ ሥራቸውን በትክክል የሠሩ፣ ሻይ እንኳ ከአባቴ እጅ ለመጠጣት ያልፈቀዱ ንጹሕ ሰዎች ነበሩ። አባቴም ንጹሕ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ንጹሐን በመጋዘኑ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ተፋጠጡ፤ ቪላውም በዚያው ጊዜ ውስጥ ጣሪያው ተመታ።

የተዋንያኑ ሕይወት ከፊልሙ ጋር ያለው ግንኙነት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። ስሞክቱኖቭስኪ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቶ በጀርመኖች እጅ ተማርኮ ያመለጠ ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት በሞተር ብስክሌት መንገድ የሚጠብቀውንና ዴቶችኪንን የሚያሳድደውን የትራፊክ ፖሊስ የተጫወተው ጆርጂ ዥዦኖቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 ያለ ጥፋቱ ተይዞ ብዙ ዓመታት በእስር ካምፖችና በግዞት ያሳለፈ ነው። በሐሰት የተወነጀለ ሰው የሕግ አስከባሪን የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ያለ ምንም ምሬት፣ ቀልድና ወግ የሚወድ ደግ ፖሊስ ሆኖ ሲጫወት ማየት ለእኔ ከባድ ነገር ነው። በማሳደዱ መካከል ሕፃናት መንገድ ሲያቋርጡ ሌባውም ፖሊሱም ቆመው ያሳልፏቸዋል፤ ይህን ትዕይንት አሁን የማየው የዥዦኖቭን ታሪክ እያሰብሁ ነው።

ዴቶችኪን ትክክል ነው ብዬ አልከራከርም። ወጣት ሳለሁ እከራከር ነበር፤ በዕድሜዬ አጋማሽ ላይ ግን ቀድሞ ልብ ያላልሁት አንድ ሰው ፊልሙ ውስጥ መኖሩን አየሁ። እሱም የተሰረቀውን መኪና የሚገዛው የሃይማኖት አባት ነው፤ ሊቱዌኒያዊው ዶናታስ ባንዮኒስ ነው የሚጫወተው። ይህ ሰው ጉቦ አልበላም፤ ገንዘቡን ከፍሎ መኪና ገዛ እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። የወንጀሉ ዱካ ቢገኝ ኤግዚቢት ተብሎ ሊወሰድ የሚችለው ግን ከእሱ እጅ ያለው መኪና ነው። ዴቶችኪን ለጉቦኛው ቅጣት ለልጆቹ ደግሞ እርዳታ አስቦ በሚሠራው ሒሳብ ውስጥ የዚህ ገዢ ገንዘብ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? ውሎ አበሉን ሳይቀር የሚያሰላ ሰው ይህን አለማስላቱ ያሳዝነኛል። ከሴሚትስቬቶቭ ጋራዥ ውስጥ የድብ ወጥመድ እግሩን ሲይዘው ተመልካቹ ይስቃል፤ እኔ ግን ዴቶችኪንን ቀድሞ የያዘው ወጥመድ ይህ ሒሳብ ይመስለኛል። አባቴ ከደረሰባቸው በኋላ ከመጋዘኑ አንድ ጎማ ቢያወጡ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እኔ ልጃቸው አልፈርድባቸውም ነበር። ሆኖም በማግስቱ ያንን መጋዘን የሚረከበው ሌላ ንብረት ጠባቂ ነው፤ ጉድለቱም በእሱ ስም ይጻፋል።

ችሎቱ የፊልሙ ታላቅ ክፍል ነው። የዴቶችኪን እናት፣ እጮኛው፣ ጓደኞቹ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሴሚትስቬቶቭ አማት ተነሥቶ ይህ ሰው እጁን ያነሣው በእጅጉ በተቀደሰው ነገር ላይ፣ በሕገ መንግሥቱ ላይ ነው እያለ ይወነጅለዋል። ቤቱ በስሙ፣ መኪናው በልጁ ስም የሆነው ሽማግሌ ሕገ መንግሥት ሲጠራ መስማት በእርግጥ ያስቃል፤ በዚያን ዘመን እንዲህ ያለውን ቀልድ ሳንሱር አልፎ ሕዝብ ፊት ማድረስም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ከዚያም መርማሪው ይናገራል። ዴቶችኪን ጥፋተኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ ቀጥሎም፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ እየተያዘ፣ ጥፋተኛ አይደለም ይላል። አስተማሪያችን ሁለቱን ቃላት፣ «ቪኖቫት» እና «ኔ ቪኖቫት»፣ በሰሌዳው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጻፈቻቸው፤ ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ የአሉታ ቃል ብቻ ናት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሩሲያኛ ጥፋት የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ሁለቱ መስመሮች በዓይኔ ላይ ይመጣሉ።

የመርማሪው ንግግር የሌርቴስ ይቅርታ ነው። ጠበቃ ሊናገረው የሚችለውን ቃል አሳዳጁ ራሱ ይናገረዋል፤ ይህን ሲያደርግም ሥራውን አልካደም፤ ጓደኛውን ይዞ ለችሎት ያቀረበው እሱ ነው፤ ምስክርነቱንም አልደበቀም። አባቴን የመረመሩት ኦዲተሮች መካከል አንደኛው ሪፖርቱን ፈርሞ ሲወጣ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደነበር ነግረውኛል። ምንም አልተናገረም። ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ያ ሰው መናገር ቢችል ኖሮ ምን ይል እንደነበር የማውቅ ይመስለኛል።

ፊልሙ ዴቶችኪን ስንት ዓመት እንደተፈረደበት አይነግረንም። በመጨረሻ የምናየው ከእስር ወጥቶ፣ ፀጉሩ በአጭሩ ተቆርጦ፣ ሊዩባ በምትነዳው ትሮሊባስ መስኮት ላይ ሲታይና መመለሱን ሲነግራት ነው። የአንድሬይ ፔትሮቭ ዋልስ ይሰማል። ሪያዛኖቭ በተወለደባት በሳማራ ከተማ ዛሬ ለዴቶችኪን ሐውልት ቆሞለታል።

በ1984 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገሬ ስመለስ መንግሥት ተለውጦ፣ አባቴም ጡረታ ወጥተው አገኘኋቸው። ሲኒማ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ፊልሙን እንደ ተረት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ሲሰሙ አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ ስለ አማቱ ስናገር ግን ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ታሪኩን ስጨርስ ስለ ሴሚትስቬቶቭ፣ ስለ ቅጣቱም ሆነ ስለ ኃላፊው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ፍርዱ ሲሰጥ ለልጆቹ የላከውን ገንዘብ መልሱ ብለው ጠየቋቸው?»

ፊልሙ ይህን እንደማያሳይ ነገርኋቸው።

«እንግዲያውስ በልተውት ይሆናል፤» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።